አባት በዙፋን፣ ልጅ በመወልወያ

በ1985 ዓ.ም. የገና ዋዜማ ከአሜሪካ የመጣች አንዲት ሴት ቤታችን መጣች። በረካውን ሳትጠጣ አትሄድም ተብላ እስከ መጨረሻው ተቀምጣ፣ ልትነሳ ስትል ከቦርሳዋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ለእናቴ ሰጠቻት። አጎቴ የላከው ነው። እናቴ «ምነው ተቸገረ!» ብላ ጥቅሉን ሳትፈታ ብፌው ላይ አስቀመጠችው። አምጪው ፊት ስጦታ መፍታት በእኛ ቤት ነውር ነበር። ወንድም ጋሼ ከሩቅ መዝኖ «መጽሐፍ ነው» አለ። እህቴ «ቸኮላት ነው» አለች። አባባ ምንም አላሉም፤ እንግዳዋ ከተሸኘች በኋላ ግን ከሁላችንም ቀድመው ብፌው ዘንድ የደረሱት እሳቸው ናቸው።

ሲፈታ የቪዲዮ ካሴት ሆኖ ተገኘ። ሻንጣ እንዳይከብድባት ብላ ይሁን ሌላ እንጃ፣ ሽፋኑ የለም። ጥቁሩ ካሴት ላይ በተለጠፈችው ወረቀት «ካሚንግ ቱ አሜሪካ» የሚል ተጽፏል። ወንድም ጋሼ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስለጨረሰ የቤቱ አስተርጓሚ ነበርና «ወደ አሜሪካ መምጣት» ብሎ ተረጎመው። እናቴ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። አጎቴ የጉዞ መመሪያ የላከልን መስሏት ነበር።

ፊልም መሆኑን ስትሰማ እጇን መለሰች። «ምናለ ይህን የገዛበትን ቢልከው» አለች፤ ከዚያ ያለችው እንዳይሰማባት የፈራች ይመስል ካሴቱን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው።

ችግሩ ማጫወቻ የለንም። በሰፈሩ ማጫወቻ የነበራት አንዲት ጎረቤታችን ነች፤ ልጇ ከዓረብ አገር ልካላት። ዕቃው በዳንቴል ተሸፋፍኖ ሳሎኗ ውስጥ እንደ ሙሽራ ነበር የሚቀመጠው። እናቴ ሄዳ ብትለምናት «ከቤት አይወጣም፤ ከወጣም እኔ አብሬው ነው የምወጣው» አለች። የገና ዕለት ከምሳ በኋላ ማጫወቻው በሁለት ጎረምሶች ተይዞ፣ ባለቤቲቱ ከኋላ ከኋላ እየተከተለች፣ ዳንቴሉ ሳይገለጥ ቤታችን ገባ። እሷን ተከትሎ የሰፈሩ ሕዝብ ገባ።

ካሴቱ ሲከተት ግን ምስሉ አልቆም አለ። ከታች ወደ ላይ ይንከባለላል፤ ሰዎቹ ከወገባቸው ተቆርጠው እግራቸው ከራሳቸው በላይ ይታያል። ቀለምም የለው። አባባ የሚኮሩበት ባለቀለም ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ራዲዮ የሚጠግን ጎረቤት ከነገና ልብሱ ተጠርቶ መጣ። የሰጠው ማብራሪያ ያኔ አልገባኝም፤ ኋላ ሳጣራ ግን እውነቱን ነበር። አሜሪካ ያኔ ትጠቀምበት የነበረው የቴሌቪዥን ሥርዓት ኤንቲኤስሲ ይባላል፤ ምስሉ 525 መስመር ሆኖ በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይረጭ ነበር። የእኛ ደግሞ ፓል ነበር፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ። የዓረብ አገሩ ማጫወቻ ሁለቱንም ያነባል፤ ቴሌቪዥናችን የሚያውቀው ግን አንዱን ብቻ ነው። ጠጋኙ ይህን ሁሉ ካብራራ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ወደ ግራ ቢያዞራት ምስሉ ቀጥ አለ። እጁን ሲያነሳ መንከባለሉ ተመለሰ።

እንግዲያው አንድ ሰው ቁልፏን ይዞ ይቀመጥ ተባለ። የቤቱ ትንሽ ወንድ ልጅ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ የዕድሜ ልክ ወዳጄ የሆነውን ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከቴሌቪዥኑ ጎን ተለጥፌ፣ አንድ እጄን ከጀርባው አስገብቼ፣ አንገቴን አጣምሜ ነው። ከዚያ ቦታ መስታወቱ ላይ ያለው ነገር እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚታየው። በደንብ የሚታየኝ ተመልካቹ ነበር። አባባ ሲስቁ ጥርሳቸውን በእጃቸው እንደሚሸፍኑ ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው። ፊልሙ የቱ ጋ እንደሚያስቅ ያወቅሁትም ከሰዎቹ ፊት ነው።

ፊልሙን ላላየ ሰው በአጭሩ ልንገር። ዛሙንዳ የምትባል በካርታ ላይ የሌለች የአፍሪካ አገር አለች። የአልጋ ወራሹ አኪም፣ ማለትም ኤዲ መርፊ፣ ወላጆቹ የመረጡለትን ሙሽራ አላገባም ብሎ ራሱ ሚስት ሊፈልግ አሜሪካ ይሄዳል። ኒው ዮርክ ወይስ ሎስ አንጀለስ የሚለውን የወሰኑት እሱና ባልንጀራው ሳንቲም ወርውረው ነው። ከኒው ዮርክም ኩዊንስ የተባለውን ሰፈር የመረጡት ስሙ «ንግሥቶች» ማለት ስለሆነ ነው። እዚያ ልዑልነቱን ደብቆ ሀምበርገር ቤት ተቀጥሮ ወለል ይወለውላል፤ የባለቤቱንም ልጅ ይወዳል። ጆን ላንዲስ ያዘጋጀው ይህ ፊልም ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው።

ገና ከመጀመሪያው ልዑሉን ገላውን የሚያጥቡት ሴቶች ብቅ አሉ። አለባበሳቸውን አልገልጸውም፤ አለባበስ የለም። ወንድም ጋሼ ትርጉሙን አቆመ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተስፈንጥራ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። ከጀርባዋ ሙዚቃው ይሰማል። «አለፈ?» ትላለች ወደ እኔ፤ ከጎን የማየው እኔ ብቻ ነበርኩና። እኔም ያላለፈውን አላለፈም እያልኩ፣ በአሥር ዓመቴ የቤተሰቡ ሳንሱር ሠራተኛ ሆንኩ።

ወንድም ጋሼ ሲተረጉም ድምፁን ይለዋውጥ ነበር። ለልዑሉ ለስለስ ያለ፣ ለሀምበርገር ቤቱ ባለቤት የነጋዴ ድምፅ፣ ለንጉሡ ደግሞ የቀኝ አዝማች ድምፅ። ንጉሡ የአንበሳ ቆዳ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ ሲሉ አባባ «ይህን ጎፈር ከእኛ አርበኞች ነው የወሰዱት» አሉ፤ ማንም አልተከራከራቸውም። ታዲያ ንጉሡ የጠፋ ልጃቸውን ፍለጋ ኩዊንስ ድረስ መጥተው ልጁ መወልወያ መያዙን ሲሰሙ፣ ወንድም ጋሼ ደረቱን ነፍቶ እንዲህ ሲል ተረጎመ፦

«አባት በዙፋን፣ ልጅ በመወልወያ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤታችን ዕንባዋን በዳንቴሉ ጠረገች። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባባልዋ የቤታችን ሆነች። አባባ ጋዜጣ እያነበቡ እኔ ግቢ ስጠርግ እናቴ ታነሳታለች። ሻይ ቤት ሒሳብ የሚከፍለው ልጁ ከሆነ አባባ ራሳቸው ይሏታል። በየዓመቱ ገና ሲደርስ ካሴቱ ይወጣል፣ ማጫወቻው ከነባለቤቱ ይመጣል፣ እኔ ቁልፏን እይዛለሁ፣ እናቴ ነጠላዋን ትዘረጋለች፣ ወንድም ጋሼ ንጉሡ ይሆናል። እንግሊዝኛውን ከነዜማው በቃላችን ብንይዘውም ትርጉሙ ግን አልቀረም።

አሜሪካኖች እንዲህ ዓይነቱን ፊልም «ካልት ፊልም» ይሉታል። ቃሉን እዚህ መጥቼ ስሰማ የጽዋ ማኅበር ነው ትዝ ያለኝ፤ ቀኑ የታወቀ፣ ሥርዓቱ የታወቀ፣ ማን ምን እንደሚል የታወቀ። በእነሱ ልማድ ካልት የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሲወጣ ገበያ ያጣና ኋላ ጥቂት አፍቃሪዎች ያነሱት ነው። የእኛው ግን በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባ ነበርና እነሱ ካልት ላይሉት ይችላሉ። እኛ ደግሞ ገቢውን አናውቅም። ለእኛ ከአንዲት ካሴትና ከአንዲት ቁልፍ ውጭ ሌላ ቅጂ በዓለም ላይ ያለም አይመስለንም ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ቨርጂኒያ ገባሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ በአንድ ሆቴል ሌሊት ወለል መወልወል ነበር። ለእናቴ ስልክ ደውዬ «ሆቴል ውስጥ ነው የምሠራው» አልኳት። አልዋሸሁም። እሷ ግን ጎረቤት ለጎረቤት ስታወራው ሆቴሉን ሰጠችኝ። ለምን እንዳላረምኳት ዛሬም ስጠየቅ መልስ የለኝም፤ መጀመሪያ ሳላርመው ቀረሁ፣ ከዚያ ማረም አሳፈረኝ፣ ከዚያ ረሳሁት።

በመጀመሪያው ወር ደመወዜ ማጫወቻ ከገዛሁ በኋላ ያንኑ ፊልም ፈልጌ ገዛሁ። ብቻዬን ተቀምጬ ከፊት ለፊት ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዲያ ዓይነት ቀለም አልጠበቅሁም። የቤተ መንግሥቱ አበባ፣ ልዑሉ ሲሄድ ከፊቱ የሚበተነው ቅጠል፣ የሙሽሪት ወርቅ! ልብሱን የሠራችው ዲቦራ ናዱልማን ለኦስካር እጩ የሆነችበት ልብስ ነው፤ እኛ አሥራ ሦስት ገና ሙሉ አመድ ለብሰው ነው ያየናቸው። ፀጉር ቤት ተቀምጠው የሚከራከሩት ሽማግሌዎች መካከል ነጩ ሰውዬ ራሱ ኤዲ መርፊ መሆኑንም ያወቅሁት ያኔ ነው። ሪክ ቤከር የተባለ የገጽ ቅብ ባለሙያ ነው እንዲያ የለወጠው፤ እሱም በዚሁ ሥራ ለኦስካር ታጭቷል። አባባ ያን ሰውዬ «እንግሊዝኛው ጥሩ ነው» ይሉት ነበር።

ንጉሡ ኩዊንስ ሲደርሱ ወደ ወንበሩ ጫፍ ቀረብኩ። አባባልዋን ልሰማ ነው። ንጉሡ ተናገሩ፤ አለፈ። መልሼ አጫወትኩት። አለፈ። እንግሊዝኛዬ ገና ስለሆነ ነው ብዬ የጽሑፍ ትርጉሙን ከፍቼ እያነበብኩ አየሁት። ዙፋን የለም። መወልወያ የለም። እንዲያ የሚል ሰው በፊልሙ ውስጥ ከነጭራሹ የለም።

ለወንድም ጋሼ ደወልኩለት። በዚያ ዘመን ለስልክ የሚገዛው ካርድ በደቂቃ ይቆጠራል፤ ሰላምታውን አሳጥሬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። «ሰውየው ድምፁ ወፍራም ነበር» አለኝ በመጨረሻ፣ «ፈጥኖ ደግሞ ያወራል። እናንተ ሁላችሁም አፌን ታያላችሁ። ምን ላድርግ?»

ንጉሡን የሚጫወተው ጄምስ ኧርል ጆንስ ነው፤ ፈጥኖ በማውራት የሚታማ ሰው አልነበረም። ይህን ለወንድም ጋሼ አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ፊልሙን በገና በገና ማየቴን ባልተውም፣ የማየው ሌላ ነገር ሆነ። በአገር ቤት ስናየው ስለ አሜሪካ የተሠራ ፊልም ነበር፤ ጠባቡን መንገድ፣ በረዶውን፣ ሀምበርገር ቤቱን ነበር የምናየው። እዚህ ሳየው ስለ እኛ ሆነብኝ፤ ግን ተገልብጦ። ልዑሉ ሀብቱን ደብቆ መወልወያ ይዟል። እኛ መወልወያውን ደብቀን አገር ቤት ስንገባ ልዑል ነን። ባልንጀራው ኑሮው ሲመርረው ገንዘብ ይላክልን ብሎ ለንጉሡ ቴሌግራም ይልካል፤ ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ «ላኩልኝ» የሚል መልእክት ያየሁት በዕድሜዬ አንዴ፣ እሱም በፊልም ነው። ሁለቱ ኩዊንስ ሲደርሱ ያን የሻንጣ ክምር ደጅ ላይ ጥለውት የሰፈሩ ሰው ይሸክፈዋል። እኛ ደግሞ ሁለት ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዷ 23 ኪሎ፣ ሚዛን ላይ ስንጭንና ስናወርድ ጫማውን ከአንዱ ወደ አንዱ ስናዛውር፣ ቦሌ ስንደርስ የሚሸክፈን ሌላ ሳይሆን ዘመድ ነው።

ሀምበርገር ቤቱ ውስጥ አንድ ባልደረባቸው አለ፤ እሱም ወለል በመወልወል ጀምሮ ሰላጣ አጠባ ላይ እንደደረሰ፣ ቀጥሎ ድንች ጥብስ፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ረዳት ሥራ አስኪያጅ እንደሚሆን በኩራት ያስረዳቸዋል። አገር ቤት ይህን ሲል እንስቅበት ነበር። እኔ ግን በሆቴሉ ከወለል ወደ ልብስ ማጠቢያ የተዛወርኩ ዕለት ለሚስቴ የነገርኳት በዚያው ሰውዬ ድምፅ ነው። ዛሬ የሌሊቱ ፈረቃ ተቆጣጣሪ ነኝ። ሰው ሲጎድል መወልወያውን የሚያነሳው ያው ተቆጣጣሪው ነው።

በ2009 ዓ.ም. አገር ቤት ስገባ መኪና ተከራይቼ ነበር። ለምን? ታክሲ ከደጃችን ሃምሳ እርምጃ ላይ ይቆማል። የሰፈር ልጆች ምሳ በልተን ሒሳብ ሲመጣ እጄ ከሁሉም ቀድሞ ኪሴ ገባ። ማንም «እኔ ልክፈል» ብሎ አልታገለኝም፤ ድሮ ለአንድ ማኪያቶ ሒሳብ እጅ ለእጅ እንያያዝ የነበርን ሰዎች። ያ ትግል ናፈቀኝ። አንዱ «እዚያ ምንድን ነው የምትሠራው?» አለኝ። «በሆቴል ዘርፍ» አልኩት። እሱም እንደ እናቴ ሆቴሉን ሰጠኝና ለወንድሙ ሥራ ጠየቀኝ። ቨርጂኒያ ስመለስ የዚያን ሦስት ሳምንት ዕዳ ለመክፈል አምስት ወር ሁለት ፈረቃ ሠራሁ። በዛሙንዳ ገንዘብ ላይ የልዑሉ ምስል አለ፤ የእኔ ስም ያለው በክሬዲት ካርዱ ላይ ብቻ ነው።

አገር ቤት የቪዲዮ ቤቶቹ ከስመዋል። ፊልሙ በፍላሽ ይዞራል፣ በስልክ ይታያል። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ከመጣ ወዲህ ደግሞ የቱርኩም የሌላውም ተዋናይ አማርኛ ይናገራል፤ ቁጭ ብለው በየሰው ድምፅ የሚተረጉሙ ባለሙያዎች አሉ። ወንድም ጋሼ ያን ሲያይ ፊቱ ቅጭም ይላል። «አፍ ከአፍ ጋር እንዲገጥም ብለው ቃሉን ያበላሹታል» ይላል። ይህን የሚለው እሱ ነው!

ስለ አሜሪካ ሲኒማ ቤት አንድ ነገር ላንሳ። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ዋናው ሰው ከወደቀበት ሲነሳ አጨበጨብኩ። በአገራችን «አክተሩ» ሲነሳ ዝም የሚል ሰው ታሟል ማለት ነው፤ ፉጨቱ፣ «ከኋላህ ነው!» እያሉ ማስጠንቀቁ የትኬቱ አካል ነው። እዚህ ግን አዳራሹ ውስጥ ያጨበጨበ አንድ እጅ የእኔ ብቻ ሆነ። ፊት ያለችው ሴት ዞር ብላ አየችኝ፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ በሽተኛ።

ከዓመታት በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ሮኪ ሆረር» የሚባል ፊልም ሊያሳየኝ እኩለ ሌሊት ላይ ወሰደኝ። ይህ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጥቶ ተመልካች ያጣ፣ በ1976 በኒው ዮርክ ዋቨርሊ ሲኒማ እኩለ ሌሊት ላይ መታየት ሲጀምር ሕይወት የዘራ ፊልም ነው። ሰዉ እንደ ተዋናዮቹ ለብሶ ይመጣል፣ ከተዋናዩ ቀድሞ ይመልሳል፣ ይጮሃል፣ ሰርጉ ላይ ሲደርስ ሩዝ ይበትናል። ያች በበሽተኛ ዓይን ያየችኝ ሴት ዓይነት ሰዎች ናቸው! ለካ እዚህም መጮህ ይፈቀዳል፤ ሰዓቱና ፊልሙ ግን ተለይቶ ይታወቃል። ለእኛ በየሳምንቱ በነፃ የሚገኘውን እነሱ በእኩለ ሌሊት በቀጠሮ ያገኙታል። ከሩዙ ጋር ግን አልተስማማሁም። ሰው እየረገጠው ሲወጣ እኔ ከወንበር ወንበር እየዘለልኩ ነው የወጣሁት፤ እህል ነው።

ስጦታውም እንዲሁ ነው። እዚህ ስጦታ ሰጪው ፊት ይፈታል፤ አለመፍታት ነው ነውሩ። ውስጡ የስጦታ ደረሰኝ የሚባል ወረቀት አለ፤ ካልወደድከው ሱቁ ወስደህ በሌላ ትለውጠዋለህ። መጀመሪያ ይህን ያየሁ ጊዜ ሰጪው የተጠራጠረኝ መሰለኝ። አጎቴ ደረሰኝ ልኮልን ቢሆን ኖሮ እናቴ ካሴቱን ያን ዕለት ማታ በስኳር ትለውጠው እንደነበር አልጠራጠርም።

አሜሪካኖቹ ራሳቸው በገና የሚያለቅሱበት ፊልም እንዲሁ ማንም ያላቀደው ስጦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 ፍራንክ ካፕራ የሠራው «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ሲወጣ ያወጣውን ገንዘብ አልመለሰም። በ1974 የቅጂ መብቱን ማደስ ተረሳ። ነፃ ሆነ ማለት ነው፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎቹ በየገናው ደጋግመው አሳዩት፣ ሕዝቡም ሳያስበው ለመደው፣ ከዚያ ወደደው። አንድ ሰው ማመልከቻ መሙላት ባይረሳ ኖሮ ያ ባልደረባዬ በየዓመቱ የሚያለቅስበት ነገር አይኖረውም ነበር።

አጎቴን ስለ ካሴቱ የጠየቅሁት እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ቤቱ ስንበላ ነው። አገር ቤት ስለ እሱ የምናውቀው «ትልቅ ሕንፃ ውስጥ» እንደሚሠራ ብቻ ነበር። ሲመጣ ሱፍ ይለብሳል፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ይገባል። እዚህ ስደርስ ሕንፃው በእርግጥም ትልቅ ነው፤ አሥራ አንድ ፎቅ፣ ሁሉንም መጸዳጃ ቤት የሚያጸዳው እሱ ነበር። እኔም እዚያች ማዕድ ላይ ነገሩን አያያዝኩና ልቤ ተነካ። ከፊልም ሁሉ መርጦ ወለል ስለሚወለውል ልዑል የሚያወራውን የላከልን፣ በደብዳቤ ሊጽፈው ያልቻለውን ሊነግረን ኖሯል! ጉሮሮዬን ጠርጌ «አጎቴ፣ ያን ፊልም የላክልን እውነቱን ልትነግረን አስበህ ነው?» አልኩት።

ጉርሻውን አላመጠና ዋጠ። «በግማሽ ዋጋ ነበር» አለኝ።

አሁንም ቢሆን የእኔ ግምት ይሻላል ባይ ነኝ።

ኩዊንስም ሄጃለሁ። ሀምበርገር ቤቱ በእውነቱ ኤልምኸርስት በሚባለው ሰፈር፣ ኩዊንስ ቡለቫርድ ላይ የነበረ የዌንዲስ ምግብ ቤት ነው፤ ለቀረጻው ለጊዜው ስሙን ለውጠውት። ከቨርጂኒያ አውቶቡስ ተሳፍሬ ስደርስ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ተዘግቷል አሉኝ። የሚሳለመው ቤተ ክርስቲያን የፈረሰበት ሰው ሆኜ አጥሩ ሥር ቆሜ ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶውን ያነሳልኝ መንገደኛ የምን ፎቶ እንደሆነ ስነግረው ሳቀና የፊልሙን አንድ ንግግር በቃሉ ወጣልኝ። እኔም የእኛን ልልለት አፌን ከፍቼ ተውኩት። እ.ኤ.አ. በ2021 ሁለተኛው ክፍል ወጥቷል፤ አይቼዋለሁ፤ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

እናቴ ባለፈው ጊዜ ልትጠይቀን መጣች። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ሠርቼ ስገባ ሳሎን ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። የሥራ ልብሴን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ደብቄ የተውኩት መስሎኝ ነበር። ሰማያዊው ሸሚዝ፣ ደረቱ ላይ ስሜ፣ ከስሜ በታች «የጽዳት ክፍል» የሚለው በእንግሊዝኛ፣ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ የእጅጌው መታጠፊያ እንደ ምላጭ ስለት ሆኖ በሩ እጀታ ላይ ተሰቅሏል። እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ልጄ ግን ታነባለች፤ ደግሞ ሲጠይቋት ትመልሳለች። እናቴ ስለ ሸሚዙ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልተናገረችም። በየሁለት ቀኑ ግን ትተኩሰው ነበር።

የገና ዕለት ማታ ፊልሙን ከፈትነው። በታኅሣሥ 29 ነው፤ የአሜሪካኖቹ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ የጎረቤቶቻችን የገና ዛፍ ጎዳና ዳር ተጥሎ ቆሻሻ መኪና ይጠብቃል። ሴቶቹ ሲመጡ እናቴ ከልማድ የተነሳ ነጠላዋን ያዘች፤ ግን ቴሌቪዥኑ ከነጠላዋ ይሰፋል። ሳቀችና ተቀመጠች፤ እኔ ወደፊት አሳለፍኩት። ትርጉሙን የያዘችው ልጄ ናት። አሥር ዓመቷ ነው፤ አማርኛዋ እንግዳ ቢሆንም ታማኝ አስተርጓሚ ናት፤ ያልተባለ አትጨምርም። ንጉሡ አፋቸውን እንደከፈቱ «ይህ የአንበሳው ድምፅ ነው!» አለች። እውነቷን ነው፤ ጄምስ ኧርል ጆንስ በ«ላየን ኪንግ» የሙፋሳ ድምፅ ነበር፤ እዚህ ንግሥቲቱን የሚጫወቱት ማጅ ሲንክሌርም እዚያ የሚስቱ ድምፅ ናቸው። እናቴ ቀለሙን እያየች «ይህ ሁሉ ቀይ ነበር እንዴ?» ትላለች።

ንጉሡ ኩዊንስ ሲደርሱ እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች። ከንፈሯ ገና ሳይባል መሳቅ ጀምሯል። ቀና ብላ አየችኝ፤ በዚያ በሚታወቀው ዓይን፣ «አሁን ነው» በሚል። ንጉሡ ተናገሩ።

«ምን አሉ?» አለች እናቴ።

ልጄ በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ተረጎመችላት።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም፣ አያቴ።»

እናቴ ጥቂት ጠበቀች። ፊልሙ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል አለችና ልጅቷ እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ቆርጠውታል» አለችኝ። «አጎትህ የላከልን ሙሉው ነበር።»